ሳሎኔ የገባው ወጣት ጭልፊት፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ሳሎን ውስጥ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ካንቫስ ላይ የታተመ የጭልፊት ፎቶ ከሰቀልኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። የገዛሁት ሐረር ነው። ፎቶውም የተነሳው እዚያው ጊድር መጋላ ገበያ፣ ሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ነው። ሐረር ሥጋ የገዛ ሰው ጭልፊቶቹን ያውቃቸዋል፤ ፌስታሉን ካልጠበቀ ከእጁ ላይ መንጭቀውት ይሄዳሉ።

የኔው ግን ገና ልጅ ነው። በምን አወቅህ ካላችሁ፣ ምንቃሩ ጥቁር ነው። እዚህ የምናየው ትልቁ ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ነው። ደረቱ ላይም ነጣ ነጣ ያሉ ጭረቶች አሉት። ሻጩ "ንስር ነው" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ጅራቱ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ንስር የት አይቶ እንደሆነ እንጃ። ንስር ሲባል ዋጋው ከፍ ይላል መሰለኝ።

ፎቶው ራሱ ግን እንከን የለውም። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ጓደኞቼ ከሰዓት በርጫ ላይ ቁጭ ሲሉ "አቦ፣ ይሄ ነገር እያየን ነው እንዴ?" ይላሉ። መስታወት ስለሌለውም መብራት አያብለጨልጭበትም።

ጣጣው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሰቀልኩት የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የክንፉ ቡናማ ቀለም አመድማ ሆነ። የፕሪንተር ቀለም ዳይ እና ፒግመንት የሚባል ዓይነት እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። ዳዩን ብርሃን ቶሎ ይበላዋል፣ ፒግመንቱ ይቆያል። የኔ ዳይ ኖሯል። ስገዛ የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነበር፤ እናንተ ቀለሙንም ጠይቁ። አሁን ጥላ ወዳለበት ግድግዳ አዙሬዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልባሰበትም።

በግንቦት ሙቀት ደግሞ ሸራው ላላ። ከጀርባው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች አሉ። በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታ መታ ሳደርጋቸው መልሶ ተወጠረ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። አንድ ቀን በእርጥብ ጨርቅ ሞክሬው እስከ ዛሬ የማይለቅ ምልክት ትቶብኛል።

እናቴ መጀመሪያ ስታየው ተቆጥታ ነበር። ዶሮ አርቢ ናት። "ስንት ጫጩት የጨረሰብኝን ሌባ ሳሎን ትሰቅለዋለህ?" አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ቡና እየጠጣች ቀና ብላ አየችውና "ምንቃሩ መቼ ነው ቢጫ የሚሆነው?" ብላ ጠየቀችኝ።