የቶሮንቶው የሆኪ ክብር አዳራሽ፦ አንድ ስም ይዛችሁ ግቡ

ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ያንግ እና ፍሮንት የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ አንድ ያማረ የድሮ ባንክ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 የተሠራ ነው። የሆኪ ክብር አዳራሽ፣ ማለትም የበረዶ ላይ ሆኪ ታላላቆች የሚከበሩበት ሙዚየም፣ ከ1993 ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። ግን በዚያ በሚያምረው በር እንገባለን ብላችሁ እንዳትለፉ። መግቢያው ብሩክፊልድ ፕሌስ ከሚባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወረድ ብሎ ነው።

ቦታው ደስ ይላል። ዝም ብሎ ለሚገባ ሰው ግን ይበዛል። ማልያ፣ ዱላ፣ የበረኛ ጭምብል፣ ፐክ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ)፣ እንደገና ማልያ። ጨዋታውን ከልጅነቱ ያልተከታተለ ሰው ግማሽ ሳይደርስ ዓይኑ ይደክማል። የእኔ ምክር አንድ ስም ይዛችሁ ገብታችሁ እሱን ብቻ እንድትከተሉ ነው። አብዛኛው ሰው የሆኪውን ታላቅ ኮከብ ዌይን ግሬትስኪን ብሎ ነው የሚመጣው፣ አይፈረድበትም። እኔ የያዝኩት አል አርቦርን ነው።

አርቦር በ1932 ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ሰድበሪ የተወለደ ተከላካይ ነው። የሚጫወተው መነጽር አድርጎ ነበር። የምሬን ነው! አብዛኛው ተጫዋች ያለ ሄልሜት በሚገባበት ዘመን፣ መነጽሩን እንዳደረገ፣ ተመትቶ የሚመጣ ፐክ ፊት ራሱን የሚጥል ሰው ነበር። ጎል ላይ የለበትም፤ በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በ626 ጨዋታ ያገባው 12 ብቻ ነው። ግን የሊጉ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫ፣ ባለበት አይጠፋም። በ1954 ከዲትሮይት፣ በ1961 ከቺካጎ፣ በ1962 እና በ1964 ደግሞ ከቶሮንቶ ጋር። ሴንት ሉዊስ ብሉዝ በ1967 ሲጀምርም የመጀመሪያው አምበል እሱ ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1973 የኒው ዮርክ አይላንደርስ አሰልጣኝ ሲሆን ቡድኑ መሳቂያ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ78 ጨዋታ ያሸነፈው 12 ብቻ። አርቦር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግማሽ ፍጻሜ አደረሰው፣ ያውም በመንገዱ ላይ ፒትስበርግን፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ፣ በጨዋታ 3 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 4 ለ 3 አሸንፎ። ከ1980 እስከ 1983 ባሉት ዓመታት ዋንጫውን አራት ጊዜ በተከታታይ ወሰዱ። በ1984 ፍጻሜ ላይ በግሬትስኪ ኤድመንተን እስኪሸነፉ ድረስ 19 የጥሎ ማለፍ ግጥሚያዎችን ያለማቋረጥ አሸንፈዋል። ያው ግሬትስኪ፣ 894 ጎል ያገባው ሰውዬ፣ ከ2005 እስከ 2009 ፊኒክስን ሲያሰለጥን አንዴም ጥሎ ማለፍ አልገባም። ጥሩ መጫወትና ማሰልጠን ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ዋንጫው። የስታንሊ ዋንጫ ታችኛው አካሉ አምስት ሰፋፊ ቀለበቶች ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ብዙውን ጊዜ የ13 ዓመት አሸናፊዎች ይቀረጹበታል። ሲሞላ የላይኛው፣ ማለትም የድሮው፣ ይነሳና ከታች አዲስ ይገባል። በ2018 የተነሳው ከ1954 እስከ 1965 ያለውን የያዘው ነው። የአርቦር የተጫዋችነት ዋንጫዎች በሙሉ ያሉት እዚያ ላይ ነው! ቀለበቱን ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ድሮው የባንኩ ካዝና ግቡ፤ የተነሱት ቀለበቶችና የያኔው የካናዳ አገረ ገዥ ሎርድ ስታንሊ በ1892 የሰጡት የመጀመሪያው ሳህን እዚያ ናቸው። የአሰልጣኝነቱ ዓመታት ግን አሁንም ዋንጫው ላይ ናቸው። ከካዝናው ወጥታችሁ ጥቂት እርምጃ ብትሄዱ የሰውዬውን ሁለተኛ ሕይወት ታገኙታላችሁ። ብዙ ጎብኚ ፎቶውን ተነስቶ ካዝናውን ሳያየው ይሄዳል። ያሳዝናል።

ዋንጫው ላይ ያለውን የእነዚያን ዓመታት ቀለበት ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። 1981 ላይ የአይላንደርስ ስም ሲቀረጽ በላቲን ፊደል ሁለተኛዋ፣ ኤሷ፣ ተረስታለች። ያን የሚያህል ዋንጫ ላይ ፊደል ገድፈው ዝም አሉ! እዚያው ቀለበት ላይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ 1984 ጋ፣ የኤክስ ምልክት በረድፍ ተደርድሮ ታያላችሁ። የኤድመንተን ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን ቡድኑ ውስጥ ምንም ሥራ ያልነበራቸውን አባቱን አስጽፎ ነበር፤ ከዚያ ስማቸው ተሰረዘ።

ሌላው አዳራሽ ውስጥ ያለው፣ ፐክ መምቻውና በረኛ መሆን የሚሞከርበት ቦታ፣ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። አዋቂም ይሰለፋል፣ አታፍሩ። ዋናው አዳራሽ ስትገቡ ቀና ማለት እንዳትረሱ፤ ጣሪያው ባለቀለም መስታወት ጉልላት ነው። አርቦር በ1996 ክብር አዳራሹ ከሚያከብራቸው ሰዎች መሀል የገባው በተጫዋችነት አይደለም፤ ስፖርቱን ከገነቡት ተርታ ነው። ስሙን ስትፈልጉ ተጫዋቾቹ መሀል አትልፉ።

በ2007 ደግሞ፣ በ75 ዓመቱ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ተመልሶ አይላንደርስን አሰልጥኗል፤ 1500ኛ ጨዋታው እንዲሞላለት። ፒትስበርግን 3 ለ 2 አሸነፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው ዋንጫ ዓመቱን ሙሉ አገር ለአገር ይዞራል፤ በሌለበት ጊዜ የሚቆመው በ1993 የተሠራው ቅጂ ነው። መለየት ከፈለጋችሁ 1984ን እዩ። የኤክሶቹ ረድፍ ከሌለ ፊታችሁ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናውን ካላየሁ የሚል ሰው ከመሄዱ በፊት ደውሎ ይጠይቅ።