ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ሥራ ፈላጊዎች፣ እኚህን አባት ሳታገኙ ሲቪ እንዳታሠሩ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሌላው ይቆየኝና መጀመሪያ እሱን ልበል።

ሥራ ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀብያለሁ። ይህን ጽሑፍ ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን በጀመርኩ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ተውኩት።

የመውጫ ፈተናውን አልፌ በማኔጅመንት የተመረቅሁት በ2016 ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ የዋልኩበትን ቀን አልቆጥረውም። «0 ዓመት ልምድ» የሚል ሳገኝ ቴምፖዬን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬን) ይዤ እሮጣለሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ይሁን፣ እንግዳ ተቀባይ ይሁን፣ ሽያጭ ይሁን ሳልመርጥ አመለክታለሁ። ማንም አልጠራኝም።

አንድ ቦታ «ሥልጠና ከወሰድሽ በቀጥታ ትቀጠሪያለሽ» ብለው 1,500 ብር ተቀበሉኝ። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አንድ ሰርተፍኬት፣ ከዚያ ስልክ አያነሱም። እናቴ ድንች ሸጣ የላከችልኝ ብር ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ሲቪ አሠራሁ። ልጁ የሌላ ሰው ፋይል ከፍቶ ስሜን ብቻ ቀየረበት። እኔም ሳላነበው ይዤ ሄድኩ። ቃለ መጠይቅ ላይ አንደኛው ሰውዬ «በትርፍ ጊዜሽ ውኃ ዋና ትዋኛለሽ ይላል፣ የት ተማርሽ?» አሉኝ። እኔ የጮቄ ስር ልጅ ነኝ፣ የሮብ ገበያ። የእኛ ወንዝ እግር ቢነከርበት ያደነዝዛል። ዝም አልኩ። ቀጥለው «ጠንካራ ጎንሽን ንገሪን» ሲሉኝም ዝም አልኩ። እንደ ውሸታም ነው ያዩኝ። ያን ቀን እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ ባጃጅ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰው የማስገባት ሥራው ነው። «ሰው ባመጣሽ ቁጥር ኮሚሽን አለሽ» ተብዬ የአክስቴን ልጅ 3,000 ብር አስከፈልኩት። ብሩ ቀልጦ ቀረ። እስካሁን ቀና ብዬ አላየውም። ከደሞዜ እየቀነስኩ እየመለስኩለት ነው።

እኚህን አባት ያገኘኋቸው በዚህ ሁሉ መሀል ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ትንሽ ኮፒ ቤት አላቸው፤ በሩ ላይ «ጽሑፍ፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ብቻ ነው የሚለው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ አልጽፍም። የሄድኩት ያንኑ ሲቪ ኮፒ ላስደርግ ነበር። ተቀብለው አነበቡትና «ልጄ፣ ይህች ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኳቸው። «እንግዲያው ቁጭ በይ» አሉ።

ከመሳቢያቸው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። 24 የሰው ጠባዮች ተጽፈውበታል፤ ጉጉት፣ ደግነት፣ ጽናት፣ ፍትሐዊነት፣ ጥንቃቄ፣ ትሕትና እያለ ይቀጥላል። ሴሊግማንና ፒተርሰን የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ዝርዝር እንደሆነ ነገሩኝ፤ እሳቸው ናቸው ወደ አማርኛ የመለሱት። ከጀርባው ስላለው ሳይንስ አትጠይቁኝ። አምስት ምረጪ አሉኝ። ትሕትና ላይ ብቻ ምልክት አድርጌ ወረቀቱን መለስኩላቸው። ራሴን ማመስገን ነውር መስሎኝ ነው፤ ቤታችን የተማርነው እንደዚያ ነዋ።

እሳቸው አልተቆጡም። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉና ጨዋታ ጀመሩ። ማንም ሳያዝሽ የምትሠሪው ምንድን ነው? ሰው ምን ሲቸግረው አንቺ ጋ ይመጣል? ብር ቢከፈልሽም የማትሠሪው ሥራ የቱ ነው? በመሀል ኮፒ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔ የመጨረሻዋን ጥያቄ ስመልስ የአክስቴን ልጅ ነገር አወራሁና አለቀስኩ። «አየሽ፣ አንቺ ያመነሽን ሰው መጉዳት አትችዪም። ይህን ያዢው» አሉኝ።

ከዚያ እንደ ቀልድ የእናቴን ዕቁብ አነሳሁላቸው። እናቴ የ32 ሴቶች ዕቁብ ዳኛ ናት። ሮብ ሮብ ከገበያ መልስ ይሰበሰባሉ። ከ7ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ከፍያለሁ» አለች፣ ሌሎቹ «አልከፈልሽም» አሏት፣ ሊጣሉ ደረሱ። ደብተሩን ገለጥኩ። ዳር ላይ በትንሹ «ማክሰኞ በልጇ እጅ 50 ብር» ብዬ ጽፌ ነበር። ጠቡ እዚያው ቆመ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለምንድን ነው ለቀጣሪ ያልነገርሽው?»

«ሥራ አይደለማ ጋሼ፣ እናቴን ማገዝ ነው።»

«ስድስት ዓመት የ32 ሰው ብር ይዘሽ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ይህ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው ሥራ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ልጄ» አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልገልጸው አልችልም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ማንም እንደዚያ አላየኝም።

ሲቪዬን እንደ አዲስ ጻፍነው፣ አንድ ገጽ ብቻ። ዕቁቡ ከላይ ገባ። ይዤ የመጣሁትን 11 ማስታወቂያ ዘረጉና ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። ሰው የማታለል ሽታ ያለውን፣ ከእናቴም በጣም የሚያርቀኝን ሰርዢ አሉኝ። ሰባቱን ሰረዝኩ። ለአራቱ ብቻ አመለከትኩ፣ ከሁለቱ ተጠራሁ። ጋሼ ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ ሂሳብ ስንት መሰላችሁ? የወረቀትና የቀለም ብቻ። ልጨምር ስል ተቆጡኝ።

ቃለ መጠይቁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። ያችው ጥያቄ መጣች፣ ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው። «ጠንካራ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» አላልኩም። የማክሰኞዋን 50 ብር ነገርኳቸው። አንደኛዋ ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታዳምጠኝ ጀመር። አሁን እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ደብተር እይዛለሁ።

እባካችሁ ወንድም እህቶቼ፣ በየሰሌዳው ስር የቆማችሁ፣ ለማንም ሥልጠና ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። የተመረቀ ልጅ ቤት ቁጭ ያለባችሁ ወላጆችም ላኩት። ሂዱ፣ አትፈሩ፣ ልጄ ብለው ነው የሚቀበሏችሁ። አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ተማሪ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት ይሻላል። እሑድ ዝግ ነው።

በደሞዜ አንድ ኪሎ ቡና ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ተቀብለው ግማሹን ቀንሰው መለሱልኝ፣ «ይህ የእናትሽ ነው» ብለው። ቀጥሎ ስመጣ የዕቁቡን ደብተር እንዳመጣላቸው ለምነውኛል። እናቴ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ በሚቀጥለው ሮብ እቀበላታለሁ።