ቪስከስ ወይስ ዲፍ ሎክ? አስፋልት ለሚያልቅበት ሰፈር መኪና ለምትገዙ

እኛ ሰፈር አስፋልቱ ያልቅና ኮብልስቶን ይጀምራል። ኮብልስቶኑም ያልቅና ዋልካ ይጀምራል። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ በአቃቂ ሜዳ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። በጋ ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ያው አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ሰው ሁሉ ፎር ባይ ፎር ፍለጋ ይወጣል፤ ደላላውም አፉን ሞልቶ «ፉል ታይም ናት፣ አትጨነቅ» ይለዋል።

ተጨነቁ። ፉል ታይም፣ ማለትም አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፣ የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዋናው ጥያቄ መሐል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ረዘም ያለ መንገድ ይዞራሉ። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዳበት መኪና ላይ ይሄን ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል መሐል ላይ ያስፈልጋል፤ ካልኖረ ደረቅ አስፋልት ላይ በታጠፋችሁ ቁጥር ጎማው ይንጫጫል፣ ማርሹም ይወጠራል። ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘርና አብዛኛው ሃይሉክስ ይሄ ዲፈረንሻል የላቸውም። ለዚያ ነው አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄዱት፣ ፎር ሲገባላቸው ፊትና ኋላው በቀጥታ የሚያያዘው። እነሱን ዛሬ እንተዋቸው።

መሐል ላይ ዲፈረንሻል ያላቸው መኪኖች ግን አንድ ክፉ አመል አለባቸው። ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚሰጠው ለሚቀለው ጎማ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ባዶውን ከተሽከረከረ ሦስቱ ቆመው ያዩታል። ይሄን አመል ለመግራት ነው ቪስከስም ዲፍ ሎክም የመጡት።

ቪስከሱ ትንሽ ድስት የምታህል ድፍን ቆርቆሮ ናት በሉ። ውስጧ ብዙ ስስ የብረት ሳህኖች አሉ። አንዱ ከፊት ዘንግ፣ ቀጣዩ ከኋላ ዘንግ ጋር እየተፈራረቁ የታሰሩ ናቸው፤ መሐላቸው ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ሁለቱ ዘንጎች በተቀራረበ ፍጥነት ሲዞሩ ዘይቱ ዝም ይላል። አንዱ ሲያመልጥ ዘይቱ ይታሻል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ሳህኖቹን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። አዝራር የለ፣ መብራት የለ፣ ሾፌሩም የሚሠራው ሥራ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካው ኤ.ኤም.ሲ. ኢግል ይዞት የመጣው ይሄንኑ ነበር። ሬንጅ ሮቨርም በ1970 ሲወለድ በሾፌሩ ትእዛዝ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ይዞ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ወደ ቪስከስ ዞረ።

ዲፍ ሎኩ ከዚህ ይልቅ የገበሬ ዕቃ ነው። ጥርስ ያለው ቀለበት ይንሸራተትና ሁለቱን ዘንግ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አለቀ። ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ በእጅ ማንሻ ይገባል። ቴሪዮስ ላይ በአዝራር። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚሠራው ላዳ ኒቫም በእጅ ማንሻ ነው፤ ያ ሰማያዊና ነጭ ታክሲያችን ዲፍ ሎክ ያለው ዘመድ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ከራቭ ፎር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2000 የወጣው የመጀመሪያው ራቭ ፎር፣ ማኑዋል ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የዲፍ ሎክ አዝራር አለው። አውቶማቲኩ የለውም፤ በሃይድሮሊክ ራሱ እያሰበ ነው የሚያግዘው። ከ2000 እስከ 2005 ድረስ የወጣው ሁለተኛው ደግሞ ቪስከስ ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ጎማ ብቻ እየሆኑ የተሸጡበት ጊዜ ስላለ፣ ከሁሉ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ መኖሩን እዩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ዘንግ የሌላት መኪና ፎር ባይ ፎር ተብላ ስትሸጥ ዓይኔ እያየ ነው።

እኔ ያለችኝ ባለ ሦስት በሯ አሮጌዋ ናት። ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁለተኛዋን ይነዳሉ። ከኮብልስቶኑ ወደ ቤታችን የምትወስደው ዳገት መቶ ሜትር አትሞላም፤ ግራዋ ቦይ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ተከታትለን ደረስን። እሳቸው ቀድመው ወጡ። መኪናዋ ግማሽ ድረስ በደንብ ሄደች። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ድንገት ዞሩ፤ አንድ ሰከንድም አይሞላ፤ ወዲያው የኋላዎቹ ያዙ። ቪስከሱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ፍጥነቷ ሞቷል፣ አፍንጫዋም ወደ ቦዩ ዞሯል። ጋሼ ነዳጅ ሲጨምሩ ኋላዋ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰነፍ በሬ፣ ጎን ለጎን ተንሸራቶ ቦይ ገባ።

«ልጄ፣ ምን ነካት? ይዛ ነበርኮ!» አሉኝ በመስኮቱ።

«ያዘች ጋሼ፤ የያዘችው ካመለጠች በኋላ ነው» አልኳቸው።

የሁለቱ ልዩነት እዚህች ላይ ናት። ቪስከስ እንዲሠራ መጀመሪያ መንሸራተት አለበት። ዲፍ ሎክ ግን ዳገቱ ሥር ሆናችሁ ትጫኑታላችሁ፤ መንሸራተቱ ሳይጀመር ፊትና ኋላ ታስረዋል። እኔ በዚያው ዳገት አዝራሩን ተጭኜ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ወጣሁ። ጎበዝ ሾፌር ስለሆንኩ አይደለም። ጠጠር ላይ ወይ አሸዋ ላይ ያቺ አንድ ሰከንድ ምንም አታመጣም። ዋልካ ላይ ግን የመጀመሪያዋ መንሸራተት ጎማውን በጭቃ ታለብሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ የምትነዱት አራት የጭቃ ኳስ ነው።

አሁን ለቪስከስ ልሟገት፣ ምክንያቱም መናቅ የለበትም። ዝናብ የዘነበበት አስፋልት፣ ዘይት የፈሰሰበት አደባባይ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ እሱ ይሻላል። ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳታሰናብቱት ይሄዳል። ዲፍ ሎክ እነዚህ ቦታዎች ላይ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ጎማው በሚይዝበት መንገድ ላይ ቆልፎ መሄድ አይቻልም። ደግሞም ሰው ይረሳል። አንዴ ከጭቃ ወጥቼ ስልክ እያወራሁ ሳልፈታው ወደ ቃሊቲ አስፋልት ገባሁ። አደባባይ ላይ ስታጠፍ መሪው ከበደኝ፣ ጎማው ጮኸ። አዝራሩን ብነካም መብራቱ አልጠፋ አለ፤ ጥርሶቹ ተወጥረው ተቀርቅረዋል። ዳር ይዤ ጥቂት ሜትር ቀጥ አድርጌ ወደ ኋላ ስነዳት «ቋ» ብላ ለቀቀች። ዕድለኛ ነበርኩ፤ በዚሁ ብዙ ቢነዳ የሆነ ዕቃ ይሰበራል። መኪናዋን ለባለቤታችሁ፣ ለልጃችሁና ለሾፌር የምታፈራርቁ ከሆነ፣ ሁሉም አዝራሩን ያስታውሳል ብላችሁ አትመኑ።

እስካሁን ያወራሁት ጤነኛ ዕቃ ይዘን ነው። እኛ ግን አዲስ አንገዛም። ነዳጅ የሚጠጡ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በዚህ ዋጋ የምንመርጠው እዚሁ ካረጁት መካከል ነው። እርጅና ላይ ደግሞ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ዲፍ ሎክ ሲበላሽ ይናገራል። መብራቱ አይበራም፣ ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ሳይነካ ከርሞ የዛገ ዘንግ፣ ሎኩን የምታስገባ የደከመች ትንሽ ሞተር፣ የተቆረጠ ሽቦ ነው። ደህና መካኒክ ይፈታዋል። እናንተም በወር አንዴ ጠጠር መንገድ ላይ ብታስገቡና ብታወጡት አይደርቅም።

ቪስከስ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ዘይቱ በዕድሜና በሙቀት ይበላሻል፤ ወይ አቅም ያጣል፣ ወይ ወፍሮ ሁልጊዜ የታሰረ ይሆናል። አቅም ካጣ በጋውን ሁሉ አታውቁም፤ የምታውቁት ቦይ ውስጥ ነው። ከታሰረ ደግሞ ይብሳል፣ ጎማ ይበላል፣ ዲፈረንሻልም ይሰብራል። የታሸገ ስለሆነ ጋራዥ ከፍቶ አይጠግነውም፤ ይቀየራል። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ አሮጌ ብታገኙ እንኳ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቪስከስ ሕያው ይሁን ሙት በዓይን አይለይም።

በፍጥነት የሚገድለው ደግሞ የኛው የጎማ አገዛዝ ነው። ጎማ ውድ ስለሆነ ሁለት ሁለት እንገዛለን። ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ። ያለቀው ጎማ በትንሹም ቢሆን ያንሳል፣ ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ከአዲሱ ፈጥኖ ይዞራል። ቪስከሱም «እየተንሸራተተ ነው» ብሎ ከዚህ እስከ አዳማ ሲታሽ፣ ሲሞቅ ይውላል። የመጀመሪያ መኪናዬን እንዲህ ነው የገዛኋት። ሻጩ ሁለት የሚያብረቀርቅ የፊት ጎማ አልብሶ አሳየኝ፤ እኔም ጎማ አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ክረምት ሲመጣ አራት ጎማ ያላት የሁለት ጎማ መኪና እንደገዛሁ ገባኝ። ቪስከስ ከገዛችሁ ጎሚስታው ጋ አራቱንም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ለመቀየር ገንዘቡን ዛሬውኑ አስቡት።

ሳትገዙ የምትፈትኑበት መንገድ አለ፤ ለሁለቱም አንድ ክሪክ ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ፊትና ኋላ ድንጋይ ጣሉ። ማርሹ ኒውትራል ይሁን። አንድ የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና በእጅ፣ ካቃታችሁ በቸርኬ መፍቻው አዙሩት። ጤነኛ ቪስከስ ይዞራል፣ ግን ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ቀስ እያለ፣ እየታገለ። እንደ ብስክሌት ጎማ ከዞረ ሞቷል። ጭራሽ ከደረቀ ታስሯል። ዲፍ ሎክ ያለው ላይ ደግሞ ተፈትቶ ሳለ በቀላሉ መዞር አለበት፤ ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ አዝራሩን ተጫኑ፣ ጥርሱ እንዲገጥም ጎማውን ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጉት። መብራቱ ሲበራ ጎማው ድርቅ ማለት አለበት። መብራቱ በርቶ ጎማው ከዞረ፣ መብራቱ ነው የሚሠራው።

ሻጩ ክሪክ አላስነካም ካለ ቢያንስ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ በቀስታ ክብ ንዷት። ነዳጅ ስትለቁ ፍሬን እንደተያዘባት ቀጥ ካለች ዞር በሉ።

ሁለቱንም የያዙም አሉ። ሁለተኛው ትውልድ ፓጄሮ፣ ያ ሱፐር ሴሌክት የሚሉት፣ ቪስከስም አለው፣ በእጅ ማንሻም ይቆለፋል፤ ሲፈለግም በሁለት ጎማ ይሄዳል። ኮብራ የምንለው ላንድክሩዘር 80 ግማሹ ፓርት ታይም ነው፣ ማለትም አራቱም የሚነዳው ፎር ሲገባ ብቻ ነው፤ ግማሹ ፉል ታይም፤ ከፉል ታይሞቹም ቪስከስ ከዲፍ ሎክ ጋር ያላቸው አሉ፣ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ያቺን መኪና እዩ። ገንዘቡ ካላችሁ ለዋልካ ከነዚህ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ባለው ራቭ ፎር ላይ «ሎክ» የሚል አዝራር አይታችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ዲፍ ሎክ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚጣበቅ ነገር ነው፣ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታልፉም ራሱ ይለቃል። ለቀላል ጭቃ ይበቃል፣ ለረጅም ትግል ግን ሲሞቅ ይተዋችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መሐሉ ተቆለፈ ማለት አራቱም ጎማ ተቆለፈ ማለት አይደለም። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አብረው ባዶ ከዞሩ ቆማችኋል፤ ቪስከስም ሎክም አያድናችሁም። አካፋና ጠፍጣፋ ድንጋይ ኋላ ላይ ይኑር። ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱም የፍሬን ማሽኑ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ባለሙያውን ፉል ታይም መሆኗን ንገሩት፤ መኪናዋ ስትበላሽም አንዱን ጫፍ ብቻ አንጠልጥለው እንዲጎትቷት አትፍቀዱ።

እኔ ብትጠይቁኝ፣ ቤታችሁ ከአስፋልት ወይም ከኮብልስቶን ሳትወርዱ የምትደርሱበት ከሆነ ቪስከሱን ግዙ፣ በክሪክ ፈትናችሁ። ካልሆነ አዝራር ያላትን አሮጌ ማኑዋል ፈልጉ፤ ወንበሯ ቢቀደድም።

ጋሼ መኪናቸውን አልሸጡም። አራት አንድ ዓይነት ጎማ ገዙላት። ሐምሌ ሲገባ ኮብልስቶኑ መጨረሻ ላይ ጥበቃው ጋ ያቆሟታል፣ ከኋላ ቦት ጫማቸውን ያወጣሉ፣ ዳገቷንም በእግራቸው ይወጣሉ። ቸኩለው ከሆነ ይደውሉልኛል።