ቢያፍራን ማስቀረት ወይስ ደቡብ ሱዳንን መሸኘት?
ደሴ ሸዋበር ቡና ላይ ስለ አገር አንድነት ክርክር ሲነሳ እኔ ሁለት አገር እጠራለሁ።

ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገነጠለችውን የምሥራቅ ክልሏን ቢያፍራን በ1970 በጦርነትና በከበባ መለሰች። ሕፃናት በረሃብ አለቁ፤ ይህ መቼም አይቃለል። ድል ያደረገው የናይጄሪያ ወታደራዊ መሪ ጎዎን ግን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ብሎ ምሕረት አወጀ። ያም ሆኖ ባንክ የቱንም ያህል ያስቀመጠ የቢያፍራ ሰው የተመለሰለት 20 ፓውንድ ነበር፤ ቂሙ ዛሬም አልሻረም።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡቡን በሕዝበ ውሳኔ ሸኘች። አብዛኛው ነዳጅ ለደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ለጁባ ደረሰ፤ ቧንቧው ግን በሰሜን በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡቡ፣ በ2023 ሰሜኑ እርስ በርሱ ተዋጋ።

የናይጄሪያን እመርጣለሁ፣ ከበባውን ሳይሆን ምሕረቱን፤ እሱም ንብረት ከመመለስ ጋር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከደሴ ተሰዶ፣ ሲመለስ ሱቁን ባዶ ያገኘ ነጋዴ ይህን ሳላስረዳው ያውቀዋል።