ለአቡነ ዮሴፍ የተራራ ሩጫ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ውድ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያና የአካባቢው ሯጮች፤ ይህን የምጽፈው ባለፈው ሚያዝያ ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በወጣ የሩጫ ጉዞ ላይ ገንዘቤን ከፍዬ የገጠመኝን ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይገባበት ነው። የአዘጋጆቹን ስም አልጠቅስም፤ ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ግን ስሙን ቀይሮ ሊመለስ ስለሚችል በምን እንደምትለዩት በዝርዝር አስረዳለሁ።

በቴሌግራም የተለጠፈው ማስታወቂያ ጉዞው 30 ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ለጀማሪም እንደሚመች፣ ጊዜውም በጋ ስለሆነ ለዝናብ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ይገልጽ ነበር። ለአንድ ሰው 4800 ብር ተጠይቆ በምላሹ ከደሴ ደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ አራት የውሃ ቦታዎች፣ አንዲት ነርስ፣ የአገሩን መንገድ የሚያውቁ መሪዎች፣ ለደከመ ሰው በቅሎ፣ እንዲሁም ኢንሹራንስ ቃል ተገብቶልናል። ደውዬ ስለ ነርሷና ስለ ኢንሹራንሱ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አብሽሩ፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል» የሚል ነበር። በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘቡን አስገባሁ፤ ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ እንድታውቁልኝ የምፈልገው የኪሎ ሜትሩን ጉዳይ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4200 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ያሉትን ሸለቆዎች ወርዶ መውጣት ሳይቆጠር እንኳ ሯጩ ቢያንስ 1700 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የትሬል ሩጫ (በተራራና በገጠር መንገድ የሚካሄድ ሩጫ) ማኅበር ውድድሮችን ሲመድብ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ አንድ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ያስባል፤ በዚህ ስሌት 30 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተሸጠልን ጉዞ ለእግር 47 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የጓደኛዬ የእጅ ሰዓት ደግሞ በመጨረሻ የመዘገበው 36 ኪሎ ሜትርና 2100 ሜትር ሽቅብ ሲሆን፣ ይህም 57 ይመጣል። ከኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን አሥር አሥር ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህን «ለጀማሪ የሚመች» ብሎ መሸጥ ከማጋነን ያለፈ ነገር ነው። የሽቅቡ ሜትር ያልተጻፈበት የተራራ ሩጫ ማስታወቂያ ዋናውን ዋጋ ደብቋል ብላችሁ ቁጠሩት።

ከፍታው ራሱ ሌላ ዕዳ አለው። በ4200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እኛ የደሴ ሰዎች ደጋ ለምደናል ብለን እንኩራራለን፤ ሆኖም ከደሴ ከፍታ እስከዚያ ጫፍ ድረስ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከኮምቦልቻ ለመጣ ሰው ደግሞ የለመደው ከፍታ ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል። አዘጋጆቹ ማታ ደርሰን አድረን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስነሡን። ስለ ከፍታ ሕመም አንድም ቃል አልተነገረንም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወደ ላይ መቀጠል እንደሌለበት፣ ሲራመድ መንገዳገድ ከጀመረ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ በሰው ተደግፎም ቢሆን መውረድ እንዳለበት ማንም አላስረዳም። ከመካከላችን አንድ ወጣት ከ3800 ሜትር ጀምሮ እያስመለሰው ሜዳልያው እንዳይቀርበት ብሎ ሲወጣ አይተን ወደ ታች የመለስነው እኛው ነን።

ስለ ወቅቱ የተነገረን ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የወሎን ደጋ የሚያውቅ ሰው ሊሳሳተው የማይችል ነው። በሌላው አገር ሚያዝያ በጋ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ደጋ ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ ነው፤ ገበሬው የበልግ ገብሱን የሚዘራው በዚያው ዝናብ ተማምኖ ነው። የበልግ ደመና ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ አሳይቶ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ ይዞ እንደሚመጣ እረኛ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ታች በቀላል ካናቴራ የተነሣ ሰው ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ከ10 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል፤ ነፋሱ ሳይታከል።

ስምንት ሰዓት ገደማ ጉም ወረደብን። መንገዱ ምልክት የተደረገለት በቀይ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነበር፤ አንዱን ጅብራ ላይ ታስሮ፣ ግማሹ በነፋስ ተቀዶ አገኘነው፤ ቀጣዩን ግን ጓሳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ብለን ብንፈልግ አጣነው። መሪ ተብለው የተመደቡት ሁለት ልጆች ከፊተኞቹ ጋር ቀድመው ሄደዋል። ከዚያ በረዶው ጣለ። አብራኝ የነበረችው እህት ቦርሳዋ ውስጥ ሹራብ ነበራት፤ ነገር ግን ጣቶቿ ደንዝዘው ዚፑን መያዝ አቃታቸው፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ዝም ብላ ቁጭ ስትል ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ። ዚፑን እኔ ከፈትኩላት፤ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያዳኑን ጋቢ ተከናንበው በጎቻቸውን ወደ ታች የሚነዱ አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣ በበልግ ቀን ከቀትር ወዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ጋቢያቸውን አውልቀው ለእርሷ አለበሷትና ከነፋስ ወደሚከልል ገደል ሥር ወስደው፣ በኋላም ቤታቸው አስገብተው እሳት አነደዱልን፤ በሶ በጥብጠው ሰጡን። ከአራቱ የውሃ ቦታዎች ያገኘነው ሁለቱን ብቻ ሲሆን በአንደኛው ውሃው አልቆ ነበር። በቅሎ አላየንም። ነርስ የተባለችው ላሊበላ መኪናው አጠገብ ነበረች፤ የያዘችውም ፕላስተርና የራስ ምታት ክኒን ነው።

አጋንነሃል የሚለኝ ሰው ካለ በቻይናዋ ጋንሱ ግዛት ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የደረሰውን ያስታውስ። በዚያ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ላይ ከተሰለፉት 172 ሯጮች መካከል 21ዱ በድንገተኛ በረዶ፣ ዝናብና ነፋስ ምክንያት በብርድ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ሯጮች ነበሩ። አንዳንዶቹን አንድ እረኛ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ አትርፏቸዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ የላስታ ጋቢ ትዝ ይለኛል።

ለፍትሕ ያህል መጓጓዣው በሰዓቱ መጥቷል፤ ማደሪያውም ንጹሕ ነበር። ገንዘባችን በከፊል እንዲመለስ ስንጠይቅ ግን «የአየር ጠባይ የእግዜር ሥራ ነው» አሉን። በረዶው የእግዜር ሥራ ነው፤ በበልግ «ዝናብ የለም» ብሎ መጻፍ ግን የአዘጋጁ ሥራ ነው። የኢንሹራንሱን ውል እንዲያሳዩን ብንጠይቅ እስካሁን አላሳዩንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን ገና ሳይጠፋ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። እኛ ያን ስላላደረግን ዛሬ የምንከራከረው በቃል ብቻ ነው፤ ጽሑፉን በማግሥቱ አጥፍተውታል።

ስለዚህ ለማንኛውም የተራራ ሩጫ ከመክፈላችሁ በፊት የሽቅቡን ጠቅላላ ሜትርና የመንገዱን የጂፒኤስ ፋይል (መንገዱን በስልክ ወይም በእጅ ሰዓት ላይ የሚያሳየውን) ጠይቁ፤ መንገዱን በእግሩ የሄደ አዘጋጅ ፋይሉን ለመስጠት አይቸገርም። የጤና ባለሙያው የሚቆመው ከመንገዱ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ውድድሩን በአየር ጠባይ ምክንያት የማቋረጥ ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ ኋላ የቀረውን ሰው ተከትሎ የሚመጣ ሰው መኖሩን ጠይቁ፤ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አዘጋጁ የዝናብ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ የራስ መብራትና ከብርድ የሚከላከል ብርማ የአደጋ ጊዜ ልብስ የግድ ያዙ ብሎ ካላዘዛችሁ ሥራውን አያውቅም፤ በታላላቅ የተራራ ውድድሮች ያለ እነዚህ መነሻ ላይ እንኳ አያስቆሙም። መሪ ከሆነም የዚያው የላስታ ተወላጅ ይሁን፤ በመቄትና በላስታ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው የእግር ተጓዦችን ሲያስተናግዱ የቆዩ ስለሆኑ ጉሙን በሩቅ የሚያውቁ ሰዎች አይጠፉም።

እነዚሁ አዘጋጆች አሁን በአማራ ሳይንት በኩል ለመጪው ጥቅምት ሌላ ሩጫ አስተዋውቀዋል፤ ፎቶው የእኛው የአቡነ ዮሴፍ ጉዞ ፎቶ ነው፤ የሽቅቡ ሜትርም አሁንም አልተጻፈም። አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ ልካችሁ፣ መልሱም በጽሑፍ እስኪደርሳችሁ ድረስ ቀሪውን ገንዘብ አታስገቡ።