ለመሥሪያ ቤታችን የመረጥነው ኤኢዲ፦ ሃርትሳይን ሳማሪታን 350ፒ

ልቡ በድንገት መምታት ያቆመ ሰው የደረት ግፊትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ በሥራ መውጫ ሰዓት ወደ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። የመሥሪያ ቤታችን የሥራ ደኅንነት ኮሚቴ ኤኢዲ (የልብ ምትን ራሱ መርምሮ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ) እንዲገዛ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው ከተሰቀለ አንድ ዓመት ስላለፈው፣ ለመግዛት ለሚያስቡ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያየነውን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ለመጨረሻ ውድድር የቀረቡት ፊሊፕስ ሃርትስታርት ኦንሳይት፣ ዞል ኤኢዲ ፕላስ እና ሳማሪታን 350ፒ ነበሩ። ሦስቱም የታማሚውን የልብ ምት ራሳቸው መርምረው ንዝረት የሚያሻው ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ቁልፉ እንዲጫን ያዝዛሉ፤ ስለዚህ «ልቡ ደኅና የሆነ ሰው ላይ ኤሌክትሪክ ብለቅስ?» የሚለው የብዙ ባልደረቦቻችን ሥጋት በመሣሪያው አሠራር መልስ አግኝቷል። የሚለያዩት በአያያዝ ነው። የፊሊፕሱ ባትሪ 4 ዓመት ያህል ሲያገለግል፣ ደረት ላይ የሚለጠፈው ፓድ ግን በ2 ዓመት ገደማ መቀየር ስላለበት ሁለት የተለያዩ ቀኖችን መከታተል ያስፈልጋል። ዞል የደረት ግፊቱ በቂ ጥልቀት እንዳለው እየለካ «በርታ» የሚል መመሪያ ስለሚሰጥ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሆኖም 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ የሚሠራውም በ10 ትንንሽ ባትሪዎች ነው።

ሳማሪታን 1.1 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፣ አቧራና የውሃ ፍንጣቂንም በደንብ ይቋቋማል። ምርጫችንን የወሰነው ግን ባትሪውና ፓዱ ፓድ-ፓክ በሚባል አንድ ዕቃ ውስጥ መሆናቸው፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸውም አንድ መሆኑ ነው። ኃላፊ በሚቀያየርበትና የርክክብ ሰነድ በሚጠፋበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዱን ቀን እንኳ ማስታወስ ቀላል አይደለም። መሣሪያው በየሳምንቱ ራሱን ይፈትሻል፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ጥበቃዎቻችን በየጠዋቱ አይተው ይፈርማሉ።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። 350ፒ የግፊቱን ፍጥነት በድምፅ ይመራል እንጂ ጥልቀቱን አይነግርም፤ ስለዚህ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መጫን ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአሻንጉሊት ላይ ተለማምዶ ማወቅ ይኖርበታል። ፓድ-ፓኩ አንድ ጊዜ ጥቅም ላይ ከዋለ በአዲስ መተካት ግድ ነው፤ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን መጠባበቂያ አብረን ገዝተናል። መጠባበቂያውም መደርደሪያ ላይ እያለ ጊዜው እንደሚያልፍበት መዘንጋት አይገባም። እኛ ያነጋገርነው አንድ አቅራቢ የማብቂያው ጊዜ የተቃረበ ዕቃ ሊሰጠን ስለነበር፣ ከመረከብ በፊት በማሸጊያው ላይ የታተመውን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል።

በጣም ያሳሰበኝ የገዛነው መሣሪያ የሚናገረው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከካቢኔው በላይ በትልልቅ ፊደል የአማርኛ መመሪያ ለጠፍን፦ ታማሚው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ (አልፎ አልፎ አየር ለመሳብ ማጣጣር እንደ መተንፈስ አይቆጠርም) 907 ይደወል፣ ልብሱ ይገለጥ፣ ፓዶቹ በሥዕሉ መሠረት በራቁት ገላ ላይ ይለጠፉ፤ ድምፁ «ስታንድ ክሊር» (ራቁ) ሲል ማንም እንዳይነካው። ካቢኔውን አንቆልፈውም። ባለፈው ወር በመለማመጃ መሣሪያ ባደረግነው ሙከራ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩት የጽዳት ሠራተኛችን ፓዶቹን ከሁላችንም ቀድመው በትክክለኛው ቦታ ለጥፈዋል።