ከታውሰን ወደ ስሚዝ መዛወር ያዋጣል ወይ? የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት በአንድ ወላጅ ዓይን

ሴት ልጄ በታውሰን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ «አባዬ፣ ለሦስተኛ ዓመት ወደ ስሚዝ ልዛወር እያሰብኩ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የኮሌጅ ፓርክ ስም ሲነሳ ልባችን ይሞቃል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴም በስልክ እንደሰማች «እሰይ! ስም እኮ ከመቃብር በላይ ይውላል» ብላ ነገሩ ያለቀ ያህል መረቀችን። ይሁን እንጂ ውሳኔው የልጅን ሁለት ዓመትና የቤተሰብን ገንዘብ የሚነካ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቱን በአካል ሄደን አየን፤ ወረቀቱንም አንድ በአንድ መረመርን። በዙሪያችን ይህንኑ የሚያወጡና የሚያወርዱ ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ ያየነውን እጽፋለሁ።

የስሚዝ ቢዝነስ ትምህርት ቤት አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1998 ሲሆን፣ የተሰየመው በ1950 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ በተመረቀውና በቨርጂኒያ ክሪስታል ሲቲ የሚባለውን ሰፈር ባለማው በሮበርት ስሚዝ ነው። የሚገኘው በኮሌጅ ፓርክ ግቢ፣ ቫን መንቺንግ ሆል በተባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። እኛ በሄድንበት ዕለት በርካታ ተማሪዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የትምህርትና የሥራ ማስረጃቸውን በክላሰር ይዘው ከቀጣሪዎች ጋር ለመነጋገር ይጣደፉ ነበር። አንድ ወጣት ደረጃው ሥር ተቀምጦ ስኒከሩን አውልቆ ጥቁር ቆዳ ጫማ ሲያጠልቅ፣ ጓደኛው ከጎኑ ቆሞ ክራቫቱን ያስተካክልለት ነበር። ልጄ ቆማ ስታያቸው ቆየች። ከስሚዝ በእርግጥ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም በዚያች ቅጽበት የታየን ይመስለኛል፤ ቀጣሪው ተማሪውን ፍለጋ እስከ ደጃፉ ድረስ ይመጣል።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ስሙ የሚያስመስለውን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኘሁትም። ሁለቱም የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ኤኤሲኤስቢ በተባለው፣ ከ1916 ጀምሮ በቆየው ድርጅት እውቅና የተሰጣቸው ናቸው። ልጄ የምታልመው፣ የአካውንታንት የሙያ ፈቃድ የሚያስገኘው የሲፒኤ ፈተናም ተፈታኙ ከየት እንደተመረቀ አይቶ ነጥብ አይጨምርም፤ ከ2024 ጀምሮ ሁሉም ሦስት የጋራ ክፍሎችንና ራሱ የመረጠውን አንድ ክፍል ይፈተናል። ታውሰን ላይ መምህሯ በስሟ ያውቃታል፤ አምና በአካውንቲንግ ተማሪዎች ክበብ በኩል ከአንድ መካከለኛ የሂሳብ ድርጅት ሰዎች ጋር ያስተዋወቃትም እሱ ነው። ይህን በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሚያሰፍረው የለም፤ ለእኔ ግን ክብደት አለው።

ብዙ ጊዜ ወስደን የተነጋገርነው ስለ ቀን መቁጠሪያው ነው። ትልልቆቹ የሂሳብ ድርጅቶች፣ ዲሎይት፣ ፒደብሊውሲ፣ ኢዋይ እና ኬፒኤምጂ፣ ለኢንተርንሺፕ የሚፈልጉትን ተማሪ ማጨት የሚጀምሩት ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው፤ ብዙው ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይያዛል። ከኢንተርንሺፕ በኋላ የሚመጣው ቋሚ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ለዚያው ተማሪ የሚሰጥ ነው። እንግዲህ በሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሚዛወር ተማሪ አዲሱ ግቢ የሚደርሰው ሌሎቹ ተማሪዎች ከቀጣሪ ጋር ተዋውቀው፣ አንዳንዶቹም የሥራ ቃል ተሰጥቷቸው ካበቁ በኋላ ነው። የመጣበት ዋናው ምክንያት ቀጣሪውን ማግኘት ከሆነ፣ ሲደርስ የቀረው ቦታ ጥቂት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የተያያዘና ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ክሬዲት ይሻገራል፤ ጂፒኤ ግን አይሻገርም። በታውሰን የተገኘው ውጤት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጂፒኤ ውስጥ አይደመርም፤ ስለዚህ ልጄ ሌሊቱን እየነቃች ያካበተችው 3.8 በአዲሱ ትራንስክሪፕት ላይ የለም፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪያልቅም በቦታው የሚተካ ቁጥር አይኖራትም። የቀድሞውን በሥራ ማመልከቻዋ ላይ መጥቀስ ትችላለች፤ ቢሆንም ቀጣሪ በሚጠይቅባቸው ሳምንታት ማብራሪያ እየሰጡ መቆም የራሱ ሸክም አለው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ደግሞ ለማንኛውም አዲስ ገቢ ፈታኝ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

አንድ ምሽት የወሰደቻቸውን ኮርሶች ዝርዝር በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ የሚሻገሩትን በአረንጓዴ፣ የሚያጠራጥሩትን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችባቸው። ስሚዝ ተማሪ የሚቀበለው በውስን ቁጥር ስለሆነ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሁለት የኢኮኖሚክስና ሁለት የመግቢያ አካውንቲንግ ኮርሶች አስቀድመው እንዲጠናቀቁ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ። ቀይ የበዛው ከዚያ ወዲያ ባሉት ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ኮርስ ስሙ ቢመሳሰልም በዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠ ከሆነ እንደ ተመራጭ ክሬዲት ብቻ ተቆጥሮ፣ ዋናውን ኮርስ እንደገና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ቀይ መስመሮቹን ስንቆጥር አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ወለል ብሎ ታየን። ወላጆችን የምለምነው ይህን ሥራ ከማመልከቻው በፊት እንዲሠሩት ነው፤ የሜሪላንድ ኮሌጆች ኮርሶች እንዴት እንደሚሻገሩ የሚያሳየው አርትሲስ የተባለው ሥርዓት ለዚህ ይረዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሚዛኑ ወዲያም ወዲህም ይላል። ስሚዝ ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች ከ2015 ጀምሮ ከመደበኛው በላይ ተጨማሪ ክፍያ አለው። መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ፔል ግራንት ተማሪውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሰጠው ስኮላርሺፕ ግን እዚያው ይቀራል። በአንጻሩ ኮሌጅ ፓርክ ከቤታችን ቅርብ ስለሆነ የዶርም ወጪ ይቀርልናል፤ ይህ ለእኛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ እናቷም ልጇን በየማታው ማየት ትፈልጋለች። በገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝውውሩን እደግፍ ነበር።

ልጄ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሆነው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማሪ ብትሆን ደግሞ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር። ሁለቱን ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጨረሰ ተማሪ ያለ ምንም ጥያቄ መዛወር አለበት፤ ጥሩ ውጤት ካለው ስሚዝን ከመሞከር ወደኋላ እንዲል የሚያደርገው ነገር አይታየኝም። ሥራ እየሠራ ለሚማር ሰው በሮክቪል የሚገኘው ሼዲ ግሮቭ ግቢም አለለት፤ ከ2000 ጀምሮ የክልሉ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርት በዚያ ይሰጣሉ፤ ዲግሪውም የዋናው ዩኒቨርሲቲ ነው። የማኅበረሰባችን ሰዎች ይህን በር በሚገባ ሳያውቁት መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ለፋይናንስ ተማሪም የስሚዝ ስም ከአካውንቲንግ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አካውንታንት የሁሉም የሆነ አንድ የሙያ ፈተና አለው፤ ፋይናንስ ላይ ግን ቀጣሪው አስቀድሞ የሚያጣራው በትምህርት ቤቱ ስም ነው።

ስለዚህ ስሚዝ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ለሚገባበትና ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ጥሩ ውጤትና የሚያውቃት መምህር ላላት፣ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቷን ለምታጋምስ የአካውንቲንግ ተማሪ ግን አልመክረውም። ልጄ ማመልከቻውን አልላከችም። መምህሯ ያስተዋወቃት ድርጅት ለሰመር ፕሮግራሙ ቃለ መጠይቅ ስለጠራት፣ ባለፈው ቅዳሜ አብረን ዊተን ሞል ሄደን ጥቁር ኮት ገዛን፤ እጅጌው ትንሽ ስለረዘመ እናቷ አሁን እያሳጠረችላት ነው።